የፖስታ ሳጥናችን ላይ የባሌ ስም ብቻ ነበር

ጀርመን የገባሁት በ2017 የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር። ባለቤቴ ቀድሞኝ አራት ዓመት ኖሯል። እኔ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ተምሬ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የቋንቋ ፈተናውን አልፌ፣ ቪዛዬን በጭንቀት ጠብቄ ፍራንክፈርት ስደርስ ከባዱ ነገር ያለፈ መስሎኝ ነበር። ሀገር ቤት እያለሁ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ቪዛ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ብርዱ ነገሩኝ። ስለ ፖስታ ሳጥን የነገረኝ ግን አልነበረም። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ያንገላታኝ ደግሞ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው አዲስ ለምትመጡት ነው። በተለይ ባላችሁ ወይም ወንድማችሁ ጋ ለምትመጡ እህቶቼ፤ ቤቱም፣ ባንኩም፣ የበሩ ደወልም በሌላ ሰው ስም ሆኖ ለሚጠብቃችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭር ያሉ ነበሩ። ባለቤቴ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ጠዋት መጥቶ ሲተኛ እንዳልቀሰቅሰው በካልሲ ነበር ቤት ውስጥ የምንቀሳቀሰው። ደረጃው ላይ ሰው ሳገኝ "ሃሎ" ይለኛል፤ እኔ ቆም ብዬ ቀጣዩን ቃል ስጠብቅ እሱ ሁለት ደረጃ ወርዷል። እንዴት አደርሽ የለ፣ ቤተሰብ ደህና ነው የለ። የጠሉኝ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ። ጥላቻ አልነበረም። እዚህ ሰው የሌላውን ሰው ጊዜና ጓዳ አለመንካትን እንደ አክብሮት ነው የሚያየው። ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ወሰደብኝ፤ እናንተ ከመጀመሪያው ቀን እወቁት፣ ብዙ እንባ ይቆጥባል።

እሁድ ደግሞ ሌላ ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። አንድ እሁድ ቤቱን ሳጸዳ የተጠራቀመ ጠርሙስ አየሁና ሰፈራችን ካለው ትልቅ የጠርሙስ መጣያ ወስጄ አንድ በአንድ መክተት ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ ከመስኮት ጮኹብኝ። ምን እንዳሉኝ አልገባኝም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ የቀረውን ይዤ ተመለስኩ። ለካ እሁድ ጠርሙስ አይጣልም፤ ድምፁ ሰው ይረብሻል። ቆሻሻውም በአራት ይከፈላል፤ ወረቀት ሰማያዊ፣ የምግብ ትራፊ ቡናማ፣ ማሸጊያ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ቢጫ፣ የቀረው ጥቁር። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው፣ ሌላ ከተማ ቀለሙ ሊለይ ይችላል። የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን እንዳትጥሉ፤ ሱፐርማርኬት ማሽኑ ውስጥ ስትከቱት አብዛኛው ለአንዱ 25 ሳንቲም ይመልስላችኋል።

ሰዓታቸውም ፈትኖኛል። ለቋንቋ ትምህርት ቤት የምደባ ፈተና ስደውል ሴትየዋ "ሀልብ ኖይን" አለችኝ። ሀልብ ግማሽ ነው፣ ኖይን ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ተኩል ብዬ ያዝኩት፤ በእኛ ሦስት ተኩል። ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ዐሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ለካ ሀልብ ኖይን ሲሉ ዘጠኝ ሊሞላ ግማሽ ይቀረዋል ማለታቸው ነው፤ ስምንት ተኩል፣ በእኛ ሁለት ተኩል። ፈተናው ተጀምሮ በሩ ተዘግቷል። ለሚቀጥለው ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰዓት ሲነግረኝ "እባክህ በቁጥር ጻፍልኝ" እላለሁ። አያሳፍርም። ጀርመኖቹም ደስ እያላቸው ነው የሚጽፉት።

አንድ ቀን ደግሞ ለባለቤቴ ምሳ ላደርስ ኤርፖርት ሄድኩ፤ የያዝኩት የከተማ ውስጥ ትኬት ነበር። ኤርፖርቱ የሚቆረጥለት ትኬት ከዚያ የሚወደድ መሆኑን አላወቅኩም። 60 ዩሮ ተቀጣሁ። አላወቅኩም ማለት አይሠራም፤ ባቡር ከመሳፈራችሁ በፊት የምትወርዱበትን ቦታ ማሽኑ ላይ ጽፋችሁ ግዙ።

የመጀመሪያው ፋሲካ ደረሰ። እናቴ በሻንጣዬ የከተተችልኝን ቡና አወጣሁ፤ ጀበናውም ነበረኝ፣ ሙቀጫውም። መስኮቱን ብርዱን ፈርቼ ዘጋሁ። ቡናውን ቆልቼ፣ ጢሱን ለባለቤቴ ላቀርብ ዞር ስል ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር መጮህ ጀመረች። የጢስ ማስጠንቀቂያ ናት፤ በሕግ በየመኖሪያ ቤቱ ትሰቀላለች፣ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ሊያጠፋት ሲታገል በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊት ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ እሳት አደጋ ሊጠሩ። ቡና ነው አልናቸው። አየት አድርገውን ወረዱ። በሁለተኛው ቀን በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ "እሁድ ቀን ሚስማር መምታት ክልክል ነው" ይላል። ሚስማር ያሉት የሙቀጫዬን ድምፅ ነው።

ያን ወረቀት እንደ ጦርነት ነው የቆጠርኩት። አንኳኩተው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኛ ጋ ጎረቤት ቅሬታ ካለው ይገባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ቀስ አድርጎ ይነግርሃል። እዚህ ወረቀት ይጽፋል። ያኔ ይህ ነገር ገብቶኝ ቢሆን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። እዚህ ሀገር ነገር የሚነገረው በወረቀት ነው። ደግም ሆነ ክፉ።

(ለቡናው መላ አለው። ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ የሳሎኑን በር ዝጉ፣ ከሙቀጫው ሥር ፎጣ አጥፋችሁ አንጥፉ። ከማታ አራት ሰዓት እስከ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት እና እሁድ ሙሉ ቀን ደግሞ አትውቀጡ።)

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። የእኛ ስም እዚህ ትልቅ ጣጣ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ወረቀቴ ላይ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገባ። የባለቤቴም የእሱ አያት። ስለዚህ በመንግሥት ዓይን አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ስማቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎች ነን። መጀመሪያ ሐኪም ቤት የሄድኩ ቀን መጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ ነርሷ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች። አንዱን ስም ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። አጠራሯ ተበላሽቶ ስለነበር ማን ይሆን እያልኩ እኔም እንደ ሌላው ዞሬ አየሁ። አርባ ደቂቃ ቆይቼ ሄጄ ስጠይቅ "ሦስቴ ጠራንሽ፣ አልተነሳሽም" አለችኝ። የጠራችው አያቴን ነበር። ከመወለዴ በፊት የሞቱ፣ ፎቶ እንኳን የሌላቸው ሰው። ያን ቀን ሳልታይ ተመለስኩ።

ስትመጡ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈላችሁ የቱ እንደሆነ ፓስፖርታችሁን አይታችሁ ያዙት፤ እንደ ፈረንጅ አጠራር አድርጋችሁ ጆሯችሁን አለማምዱት። የምስክር ወረቀት ስታስተረጉሙ የስሙ ፊደል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ቀኑም ከእኛ ወደ እነሱ አቆጣጠር በትክክል መቀየሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። አንድ ፊደል ስትለይ ወራት ታስጠብቃለች።

የስሙ ጣጣ ዋጋ ያስከፈለኝ ግን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ነው። ጀርመን ፖስተኛ ቤት ቁጥር ብቻ አይቶ ደብዳቤ አይከትም። ሕንጻው አንድ ነው፣ ሳጥኑ ሃያ ነው፤ የሚያየው ስም ነው። የእኛ ሳጥን ላይ የባለቤቴ ስም ብቻ ነበር። በገባሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄደን የአድራሻ ምዝገባውን፣ አንሜልዱንግ የሚሉትን፣ በትክክል ጨርሰናል። አከራዩም መኖሬን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ፈርሞልናል። ሳጥኑ ላይ ስሜን መለጠፍ ግን ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። የጤና መድኅኔ በእሱ ሥር ስለሆነ የዚያ ደብዳቤ በእሱ ስም ይመጣል። ሌላውን አንዳንድ ፖስተኛ ገምቶ ይከታል፣ ሌላው ይመልሰዋል። በእኔ ስም የተላከ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ተመልሶ ሄዶ፣ እኔ "ረሱኝ" እያልኩ ስጠብቅ፣ እነሱ ደግሞ "ቀረች" ብለው መዝግበውኛል።

ነገሩ የታወቀኝ በ2018 ጸደይ ላይ ነው። ከገበያ ስመለስ ፖስተኛው ሳጥኖቹ ፊት ቆሞ አንድ ደብዳቤ እያገላበጠ አገኘሁት። አልፌው ልሄድ ስል ፖስታው ላይ ስሜን አየሁ። "የእኔ ነው" አልኩት። መታወቂያ አሳየሁት። ደብዳቤውን ሰጠኝና በጣቱ ሳጥኑን ቸብ ቸብ እያደረገ "ናመ! ናመ!" አለኝ፣ ስም ማለቱ ነው። ማታ ባለቤቴ ወረቀት ቆርጦ ስሜን ጻፈ፣ በፕላስተር ለጠፍነው። ሳጥኑም ደወሉም ላይ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ያ ደብዳቤ የስልክ ዕዳ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2017 መጸው ላይ የራሴ ስልክ እንዲኖረኝ ፈልጌ ብቻዬን አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ፈገግተኛ ነው፣ እንግሊዝኛም ይችላል። የ24 ወር ውል ፈረምኩ፣ በወር 30 ዩሮ ገደማ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ "ሳታነቢ እንዳትፈርሚ" ብሎኝ ስለነበር። አራት ወር ከከፈልኩ በኋላ አንዲት ጓደኛዬ ከሱፐርማርኬት የምትሞላውን ርካሽ ካርድ አሳየችኝ። ተመልሼ ለሻጩ "ከእንግዲህ አልፈልግም" አልኩት። "ኬይን ፕሮብሌም" አለኝ። ችግር የለም ማለት ነው። እኔም ችግር የለም ሲለኝ የለም ብዬ አመንኩ። ባንክ ሄጄ ከሂሳቤ እንዳይቆረጥ አስከለከልኩ። ሀገር ቤት ካርድ ካልሞላህ ስልኩ ዝም ይላል፣ አለቀ። እዚህ ግን ውሉ ሳይቋረጥ ክፍያው ብቻ ነው የቆመው፤ ዕዳው በየወሩ ይወልዳል።

በዚህ ላይ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ከማውቃቸው ሐበሾች ብዙዎቹ በዚህ በኩል ነው የተያዙት። በአፍ የተነገረ ማቋረጥ እዚህ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ቃል ሰጥቶኛል፣ ሰው ነው፣ ይታመናል የምንለው ነገር ጠረጴዛ ላይ አይቆምም። ውል የምታቋርጡት በጽሑፍ ነው፤ "መቋረጡን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ" የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምራችሁ፣ በአደራ ደብዳቤ ልካችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ። አሁን ሕጉ ከእኔ ጊዜ የተሻለ ነው። ከመጋቢት 2022 ወዲህ የሚፈረሙ ውሎች፣ የስልክና የኢንተርኔቱ ደግሞ ከዚያም ሦስት ወር ቀድሞ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይቋረጣሉ፤ እንደ ድሮው ሌላ ዓመት አያስሯችሁም። ከሐምሌ 2022 ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት ውል የሚያስፈርሙ ድርጅቶች ድረ ገጻቸው ላይ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲያስቀምጡ ተገደዋል። የመጀመሪያው 24 ወር ግን ያው 24 ወር ነው።

ስሜ ሳጥኑ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያም መጣ፤ ለባለቤቴ አንድ፣ ለእኔ አንድ። ያኔ በወር 17.50 ዩሮ ነበር፣ አሁን 18.36 ነው። የሚከፈለው በቤት ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ስማችን ስለማይመሳሰል ግን ሁለት ቤት መሰልናቸው። የባለቤቴን የክፍያ ቁጥር ጽፈን "አንድ ቤት ነን" ብንል በአንድ ደብዳቤ ያልቅ ነበር። እኔ ግን አልጻፍኩም። ደብዳቤዎቹን ሁሉ የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሶች ሥር ከተትኳቸው።

ለምን? ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ባለቤቴ በሌሊት ፈረቃ ከስቷል። ጀርመንኛው አስጨናቂ ነው፤ አንዱ ቃል መስመር ሙሉ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ይሉኝታ ነው። ቀበቶው ጠብቆ፣ ለቤተሰብ እየላከ፣ እኔን ያመጣ ሰው ፊት ቆሜ "ዕዳ ገባሁ" እንዴት ልበል? ለሐበሻ ብነግር ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ መሳቢያው ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሌላ ማንም አያውቅም። ሌሊት እሱ ሥራ ሲሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በኅዳር 2018 ቢጫ ፖስታ መጣ። እባካችሁ ይህን ቀለም ያዙት። እዚህ ሀገር ቢጫ ፖስታ ከፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በይፋ የተላከ ነው፤ ፖስተኛው ሳጥናችሁ ውስጥ በከተተው ቀን ደርሷችኋል ተብሎ ይመዘገባል፣ አነበባችሁትም አላነበባችሁትም። የእኔ ማንበሸይድ የሚሉት የክፍያ ትእዛዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ሲልክ ዕዳው እውነት መሆኑን አጣርቶ አይደለም፤ ጠያቂው ስለጠየቀ ብቻ ነው። ካልተስማማችሁ አብሮት የሚመጣውን ቅጽ ሞልታችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትመልሳላችሁ። እኔ ፖስታውን ቀድጄ ጣልኩ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ከተትኩ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ። በጥር ሁለተኛው ቢጫ መጣ። ይህኛውም የመቃወሚያ ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው፤ በእሱ ግን ባንክ ሂሳብም ደሞዝም ማስያዝ ይቻላል።

ይህን ሁለተኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ለምን እንደያዝኩት እንጃ። የቋንቋ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ኤርትራዊት እህት አለች። እረፍት ላይ ደብተሬን ሳወጣ ፖስታው ወደቀ። አነሳችው፣ አየችው፣ ፊቷ ተለዋወጠ። "መቼ መጣ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አለቀስኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። ትምህርቱን ትተን፣ እጄን ይዛ፣ በትራም ሁለት ፌርማታ ወስዳ ለስደተኞች ምክር የሚሰጥበት ቢሮ አስገባችኝ። ሚግራሲዮንስበራቱንግ ይባላል፤ ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ አቮ፣ ቀይ መስቀልም አላቸው። ነጻ ነው። ወሬ አያወጡም፣ ሕጋቸው ይከለክላቸዋል።

አማካሪዋ ደብዳቤውን ስሰጣት መጀመሪያ አላነበበችውም። "ፖስታውስ?" አለች። ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። ጥጉ ላይ ፖስተኛው በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው ትንሽ ቀን አለ፤ እኔ አይቼው አላውቅም። በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ "አሥራ አንደኛው ቀን ነው፣ ሦስት ቀን አለን" አለችኝ። አለን ነው ያለችው። እስከዛሬ ያ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ቀን ተቃውሞውን ጽፈን ላክን። ከዚያ በነጻ የሚያገለግል የዕዳ ምክር ቢሮ መራችኝ። አብዛኛው ዕዳ ትክክል ነበር፣ ፈርሜያለሁና። ሰብሳቢው የቆለለው ተጨማሪ ክፍያ ግን ከፊሉ ተቀነሰ። በወር 50 ዩሮ፣ አሥራ አምስት ወር እንድከፍል ተስማማን። ማታ ለባለቤቴ መሳቢያውን ከፍቼ አሳየሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበበ። የተናደደው በዕዳው አልነበረም። "ይሄን ሁሉ ብቻሽን?" ነው ያለኝ።

ሹፋ በሚሉት የዕዳ መዝገብ ላይ ስሜ ገብቶ ስለነበር ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላም ሦስት ዓመት ቆየ። ልጃችን ተወልዳ ሰፋ ያለ ቤት ስንፈልግ ስንቱ አከራይ በዚህ መለሰን። መዝገባችሁ ላይ ምን እንዳለ በነጻ ማየት ትችላላችሁ፤ የመረጃ ቅጂ ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚሸጠው ሌላ ነው፣ አትምታቱ።

አሁን ቤታችን ኦርድነር የሚሉት ትልቅ ማህደር አለ፣ በወፍራም ጀርባው ላይ የዓመቱ ቁጥር ተጽፏል። ደብዳቤ በመጣበት ቀን ይከፈታል፣ ጥጉ ላይ የመጣበት ቀን ይጻፋል፣ ፖስታው ቢጫ ከሆነ አብሮ ይያያዛል። ያልገባኝን ስልኬ በካሜራ ይተረጉምልኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀን አለው ወይስ የለውም? ከመሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የመቃወሚያው ጊዜ አንድ ወር ነው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ይጻፋል። ከሱቅና ከድርጅት ጋር ከተጣላችሁ የሸማቾች ማእከል አለ፣ ትንሽ ያስከፍላል። ጠበቃ ካስፈለገና ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሰፈራችሁ ያለው ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የምክር ድጋፍ ወረቀት ጠይቁ፤ ያንን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠበቃው ከእናንተ የሚቀበለው 15 ዩሮ ነው። ይህን ብዙ ሐበሻ አያውቅም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ ሰው ቤታችሁ ሲመጣ፣ ሚስትም ትሁን እህት፣ በዚያው ቀን ማታ ስሟን ሳጥኑ ላይ ለጥፉላት። ሻንጣዋን ሳትፈታ። እንደ እኔ ያለችው ደግሞ ደብዳቤዋን ለሰው ታሳይ። ለባል ማሳየት ከከበደ አማካሪ ቢሮ ትሂድ። ይሉኝታ ሀገር ቤት ብዙ ነገር ያኗኑራል፣ እወደዋለሁ፤ ቢጫ ፖስታ ፊት ግን ይጎዳል።

ከእኛ በታች የሚኖሩት አሮጊትስ? ዕዳውን እየከፈልኩ ሳለ ድፍረት አገኘሁና እኔም ወረቀት ጻፍኩላቸው። የመምህሬ እርዳታ አለበት። ሚስማር አለመሆኑን፣ ቡና የሚወቀጥበት ዕቃ መሆኑን፣ ማየት ከፈለጉ ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ቢመጡ ደስ እንደሚለኝ ጻፍኩ። ቀኑን የቆረጥኩት ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ነው፣ እንደ እነሱ ልማድ። ቅዳሜ ልክ በሰዓቱ፣ አንድ ደቂቃ ሳያልፍ፣ አበባ ይዘው መጡ። ሙቀጫውን በሁለት እጃቸው አንስተው ክብደቱን አዩት። ዘነዘናውን ስሰጣቸው ተቀብለው ሁለት ጊዜ ወቀጡ። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካው ላይ ባለቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ። ልጄ ስትወለድ የመጀመሪያውን የሱፍ ካልሲ የሠሩላት እሳቸው ናቸው።

ልጄ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። ሳጥናችን ላይ አሁን ሦስት ስም አለ፤ የባለቤቴ አያት፣ የእኔ አያት፣ የእሷ ደግሞ የአባቷ ስም፣ በእኛ ወግ። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አነበበቻቸው። መሃለኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እማዬ፣ ይሄኛው ማነው?"

"የእኔ አያት ናቸው። ገበሬ ነበሩ። እኔም አላየኋቸውም።"

"ደብዳቤ ይመጣላቸዋል?"

"አዎ፣ ይመጣላቸዋል" አልኳት። ቁልፉን ሰጠኋትና ከፈተችው። ሁለት ነበር። ደረጃውን ሳንወጣ፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እንዳለ፣ እዚያው ቆመን ቀደድናቸው።